አንድ ቦታ ቀርቷል

የፊጂ ዋና ከተማ ሱቫ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሴሩዋ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ለየመንደሩ የሚልከውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ ሃያ ሦስት መንደሮች ደግሞ መልእክቱ አልደረሳቸውም። አንዱ ኮሮ ደሴት ላይ ያለው የእናቷ መንደር ነው።

አምና እናቷ ወሬ ሰምታ፣ ያንን ሕመምተኛ ጉልበቷን እየጎተተች ኮረብታው ላይ ወጣች፤ አውሎ ነፋሱ ሳይመጣ ቀረ። "እማዬ፣ ሁለተኛ የእኔ መልእክት ሳይደርስሽ ንቅንቅ እንዳትዪ!" ብላ የተቆጣቻት ሴሩዋ ናት። አሁን ብትደውል፣ ብትደውል መስመሩ ተጨናንቆ አልገባ አላት።

"የፕሮግራሙ ወረፋ ሁለት መቶ መልእክት ይይዛል" አለች አጠገቧ ለተቀመጠው ለራጄንድራ። "ስንት ቦታ ቀረ ብሎ ሳይጠይቅ አንድም አያስገባም። እንዴት ይጠፋል?"

"መልእክት የሚያስገቡት ክሮች፣ ጎን ለጎን የሚሠሩት የፕሮግራሙ ክፍሎች፣ ስንት ናቸው?"

"ስምንት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚሠሩት።"

ራጄንድራ ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋ። "ስምንቱም በአንድ ጊዜ ጠይቀው፣ አንድ ቦታ ቀርቷል ሲባሉስ?"

ሴሩዋ ቦታ የሚጠይቀውን መስመር ስክሪኑ ላይ ፈልጋ አወጣችው።

"አንቺ የናሲኑ ሚኒባስ ተሳፍረሽ አታውቂም እንዴ? ባዶ ወንበር በመስኮት ታያለሽ። በሩ ጋ እስክትደርሺ አንዱ ከነዘንቢሉ ተንሰራፍቶበታል።"

ሴሩዋ ገባት። ስምንቱም ያቺኑ አንዲት ቦታ አይተዋል፤ አንዱ ገብቷል፤ የቀሩት ሲመለሱ መልእክታቸውን ጥለውት ሄደዋል። ቦታ ካጣችሁ ጣሉት ብላ ያዘዘቻቸው ደግሞ ራሷ ናት።

መጠየቂያውን መስመር አጠፋችው። በምትኩ፣ ቦታ ከሌለ እስኪገኝ ድረስ እዚያው ቆሞ የሚጠብቅ ትእዛዝ ጻፈች።

"ሳትሞክሪው ልትለቂው ነው?"

"ባሕሩ ሙከራ ይጠብቅልኛል?"

ለቀቀችው፤ ሃያ ሦስቱንም መልሳ ላከች። "ደርሷል" የሚለው ቃል አንድ በአንድ ይመጣ ጀመር። የእናቷ መንደር አሥራ ዘጠነኛ ሆኖ መጣ። የቀሩት አራቱም ተከተሉ፤ ከእናቷ ከራሷ ግን ምንም ቃል የለም። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ጸለየች፤ ራጄንድራም መቀለዱን ትቶ አብሯት ተቀመጠ።

በመጨረሻ ስልኩ ነዘረ፤ የእናቷ መልእክት ነው።

"ኮረብታው ላይ ነኝ ልጄ። ጎረቤቶቹ ጠዋት ሲወጡ ነይ ብለውኝ ነበር፤ አንቺን እየጠበቅሁ እምቢ አልኳቸው። ስወጣ ውሃው ወገቤ ደርሶ ነበር።"