ለሰርፀ የጻፍኩለት ማመልከቻ

እኔን ያናደደኝ ሰርፀ እድገት ማግኘቱ አይደለም። ያግኝ! ያናደደኝ እኔው በጻፍኩለት ማመልከቻ እኔኑ ጥሎ ማለፉ ነው።

መገናኛ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ አምስት ዓመት ሞላኝ። ሰው ዕቃ በስልኩ አዝዞ ቤቱ የሚረከብበትን መተግበሪያ ነው የምንሠራው። እኛ ጋ እድገት ማለት «ሲኒየር» መባል ነው። ሲኒየር ቡድን ይመራል፣ የሠራውም ሥራ በስሙ ይጠራል። ባለፈው ዓመት አመልክቼ ወድቄያለሁ፤ ሁለት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ማመልከት አይችልም። የዘንድሮው ለእኔ የሞት ሽረት ነበር።

የምተማመንበት ሥራ ነበረኝ። መተግበሪያችን ድሮ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቅ ነበር። በዚህ ከተማ ማን ነው በቤት ቁጥር የሚገኘው? እኔ ያደግኩት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ነው። አባቴ አቶ በዳዳ ቤታችንን ለሰው ሲያመላክት «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብለህ፣ ወፍጮ ቤቱን በግራ ትተህ» ይላል እንጂ ቁጥሩን እሱም አያውቀው። እኔም ሰው እንደሚናገረው ሲጻፍለት ቦታውን የሚያገኝ ፕሮግራም ሠራሁ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲ.ኤም.ሲ እስከ እንጦጦ በእግሬ እየዞርኩ፣ የቱ ቦታ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ባለሱቁንም የታክሲ ረዳቱንም እየጠየቅኩ መዘገብኩ። የሥራ ባልደረባዬ ሰርፀ የመጣው ለመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው። ሙከራውን አግዞኛል፤ አልዋሽም።

የማመልከቻ ሰሞን ወንበሩን እየጎተተ አጠገቤ መጣ።

«ኡርጂዬ፣ በናትሽ የእኔንም ጻፊልኝ። አንቺ እኮ ስትጽፊ ያምርብሻል።»

«ምን ሠራ ብዬ ልጻፍ?»

«የአድራሻውን ሥራ አብረን አይደል የሠራነው? እሱን አድርጊዋ!»

ያኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብኝ፤ «ለእድገት ብላ ጓደኛዋን ከዳች» እንዳልባል ፈራሁ። ጻፍኩለት። ያውም አሳምሬ! ሙከራው ብቻ ገጹን አልሞላ ሲለኝ የቅዳሜውን ዙረት ሳይቀር ጨመርኩለት። የኔ ሞኝነት! እሱ በማግሥቱ አስገባ። እኔ የእሱን ስጽፍ የራሴ ዘግይቶብኝ ከአምስት ቀን በኋላ አስገባሁ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ኃላፊያችን ወይዘሮ ሥርጉት ዘጠነኛ ፎቅ ቢሯቸው ጠሩኝ። ሁለቱ ማመልከቻዎች ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።

«ኡርጂ፣ ካንቺ ይህን አልጠብቅም ነበር» አሉኝ። «ያንቺ ከሰርፀ ጋር አንድ ነው። እሱ ደግሞ ቀድሞሻል። የእድገት ኮሚቴው የሰው ሥራ የኔ ነው ብላለች ብሏል።»

«እኔ? የእሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ! ፕሮግራሙን ይክፈቱት፤ የቱን መስመር ማን እንደጻፈው ከነቀኑ ተመዝግቧል።»

«ኮሚቴው የሚያየው የቀረበለትን ወረቀት ነው።»

ሶፍትዌር እየሠራን የምንተዳደረው በወረቀት ነው እንግዲህ! ሰርፀ ይጠራልኝ አልኩ። መጣ። ጫማውን ጫማውን እያየ «ያው... አብረን ነው የሠራነው» አለ። ባጎረስኩ ተነከስኩ።

የእድገቱ በዓል የተደረገው እንጦጦ ላይ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ በአውቶቡስ ተጭኖ ወጣ። ወይዘሮ ሥርጉት ድምፅ ማጉያ ይዘው «ይህን ዳገት በእግሩ ዞሮ እያንዳንዱን ሰፈር የመዘገበው ጀግናችን!» ሲሉ ሰርፀ ብድግ አለ። ከቆመበት ቁልቁል የአባቴ ቤት ቆርቆሮ ይታያል። ሰርፀ ያን ዳገት በሕይወቱ በእግሩ ወጥቶት አያውቅም! ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። እጄን በቆረጠው!

ሰኞ ጠዋት ቅሬታ ላቀርብ አስተዳደር ክፍል ሄድኩ። ቅሬታ የሚታየው የቡድኑ ሲኒየር ፈርሞ የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ ሲያያዝበት ነው አሉኝ። የቡድናችን ሲኒየር ማን ሆነና? ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ሰርፀ ሄድኩ።

«ምን ችግር አለው ኡርጂዬ!» አለኝ፤ ደስ ብሎት። የበደለኝን በአንድ ፊርማ የሚያወራርድ መስሎታል። «ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ።»

ተቀምጬ ጻፍኩ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። «የአድራሻውን ፕሮግራም የሠራችው ኡርጂ በዳዳ ናት። የእኔ ድርሻ የሦስት ሳምንት ሙከራ ነበር። ለእድገት ያቀረብኩትን ማመልከቻም የጻፈችልኝ እሷው ናት።» ከሥሩ «ሰርፀ፣ ሲኒየር መሐንዲስ» ብዬ አትሜ ወሰድኩለት።

ስልክ ላይ ነበር። ስክሪብቶውን አነሳ።

«አንብበው እንጂ» አልኩት።

ስልኩን ከጆሮው ራቅ አደረገና ሳቀ። «አንቺ የጻፍሽውን? ምኑ ይነበባል!»

ፈረመ፤ ቀኑንም ጻፈበት። ከዚያ «ብዕርሽ ይባረክ» ብሎኝ ወደ ስልኩ ተመለሰ። አሜን አልኩና ወረቀቱን ይዤ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ወጣሁ።