ጉሮሮ አይታይም

የመጠጥ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ከመውጣቱ በፊት በእኛ ቢሮ በኩል ያልፋል። ሥራችን ሌላው ሰው ተዝናንቶ የሚያየውን ነገር ፊታችንን ሳንፈታ ደጋግመን ማየት ነው። ደንቡ ብዙ ነው፤ ተዋናዩ ከሃያ አምስት ዓመት በታች አይሁን፣ ሲጠጣ ጉሮሮው በቅርብ አይታይ፣ የመዋጥ ድምፅ አይሰማ ይላል። መጠጥ ያቆመ ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ ይፈተናል ተብሎ ነው።

ያን ቀን ከማስታወቂያ ድርጅት የመጣው ሃትሱዳ በሰሜን ጃፓን ካለችው ከአኪታ አንድ ፊልም ይዞ ገባ። ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ የሚያመርተው ፋብሪካ ዋና ጠማቂ፣ ሽማግሌው ኩማጋይ፣ ጽዋ አንስተው ይጠጣሉ። የቴሌቪዥኑን መስኮት ሞልቶ የሚታየው ጉሮሯቸው ብቻ ነው።

«ዕድሜያቸውስ?» አለች አጠገቤ የምትሠራው፣ በአክብሮት ኡሺጂማ ሳን የምንላት ባልደረባዬ። መጠየቅ ግዴታዋ ነው።

«ሰባ ስምንት።»

«ከሃያ አምስት ይበልጣሉ» ብላ ምልክት አደረገች። «ጉሮሮው ግን ይውጣ። ድምፁም ይውጣ።»

«እሱ ከወጣማ ምን ቀረኝ? ጆሯቸው?»

«ጆሮ አልተከለከለም።»

ሃትሱዳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ኡሺጂማ ሳን፣ እባክሽ። ሰውየው ዘንድሮ ጡረታ ይወጣሉ። በረዶ ሲጀምር ከቤት ወጥተው መጥመቂያው ውስጥ ይከርማሉ፤ ሚስታቸው እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አይተዋቸው አያውቁም። አሁን ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቁት። ይሄ ከወደቀ ፋብሪካው በእሳቸው ምትክ ተዋናይት ያስገባል።»

ኡሺጂማ ሳን ፊልሙን አቆመችው። ከዚያ «ወንድሜ መጠጥ ካቆመ ወዲህ ቴሌቪዥን የሚያየው ድምፁን አጥፍቶ ነው» አለች። «ሽማግሌውን ወድጃቸዋለሁ። ግን አላሳልፍም። ደውልላቸውና እኔው ልንገራቸው።»

ሃትሱዳ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገው። እሷም ጉሮሯቸው እንደማይታይ በትሕትና ነገረቻቸው።

«ተመስገን!» አሉ ኩማጋይ። «እኔስ ምን ብዬ ነበር! ሥራ ላይ ማን ይውጣል? ያ ፊልም የሚያነሳው ልጅ ነው ‹ዋጥ፣ ዋጥ ያድርጉት አባት› እያለ ያሳፈረኝ።»

«ታዲያ ሥራ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«እጉመጠመጥና እተፋለኋ! ቀኑን ሙሉ ብውጥ ማን ሊጠምቅላችሁ ነው?»

ኡሺጂማ ሳን ደንቡን አገላበጠች። እኔም አገላበጥኩ።

«መትፋት አልተከለከለም» አለች፤ ድምፅዋ ትንሽ ደስ ያለው መሰለኝ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ሃትሱዳ። «ጠማቂው ራሱ የሚተፋውን ሳኬ ማን ይገዛኛል?»

«ሳይተፉ ቁረጠዋ።»

እንደገና ቀርጾ አመጣው። ኩማጋይ ከጋኑ አጠገብ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው ሳኬውን አፋቸው ውስጥ ያዞሩታል። ድምፅ የለም። መጨረሻ ላይ የጠርሙሱ ምስል ሲመጣ አፋቸው ገና እንደሞላ ነው። አሳለፍነው።

ማስታወቂያው በወጣ ማግስት ሽማግሌው ራሳቸው ደወሉ።

«መንደሩ ሁሉ ‹እስካሁን አፍዎ ውስጥ ነው ወይ?› እያለ መከራዬን አበላኝ።»

«ባለቤትዎስ ምን አሉ?» አለች ኡሺጂማ ሳን።

«‹በየዓመቱ ጥለኸኝ የምትሄደው ለመጉመጥመጥ ነው?› አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እራቱ ቀዘቀዘ። ማስታወቂያውን እስኪደግሙት ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሳም ብላ።»