ከቦምቤይ ድሬ ስንት ሰዓት ነው?

እኔ ተሻለች ሒሳብ ላይ አልታማም። ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የበረራ ፕላን ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ርቀቱንና ፍጥነቱን ስጡኝ እንጂ ሻይዬ ሳይበርድ ሰዓቱን እነግራችኋለሁ። በ1977 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ግን በዚህ ሒሳብ ቀብር አስቆምኩ።

ጎረቤቴ ሙመድ ሊነጋ ሲል፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አረፈ። አንዲት ልጁ ቱሪያ ቦምቤይ ነው ያገባችው። መታመሙን ሰምታ «ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል በቦምቤይ ሰዓት እነሳለሁ» ብላ ቴሌግራም ልካ ነበር፤ መሞቱን አታውቅም። የሙመድ ታላቅ ወንድም ዱዓሌ፣ ሰፈሩ ሁሉ «አዴር»፣ አጎቴ፣ የሚለው የባቡር ጡረተኛ፣ ሬሳ አይቆይም፣ ከዙህር፣ ከእኩለ ቀኑ ሶላት በኋላ ይቀበራል አለ። ልጅቷ የአባቷን ፊት ሳታይ ልትቀር ነው። አንጀቴ አልቻለም።

«አዴር፣ ቱሪያ ትደርሳለች» አልኩት።

«አቦ ተይኝ፣ ተሻለች! ህንድ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድመናል። ጨምሪበት፤ አምስት ሰዓት ተነሳች። አምስት ሰዓት ስትበር አዲስ አበባ አስር ሰዓት ገባች። ወላሂ፣ የድሬው አውሮፕላን አምልጧታል!»

«የሚቀድመን ከሆነማ ይቀነሳል። እዚያ ሁለት ተኩል ሲሆን እዚህ ገና አስራ ሁለት ነው።»

ቴሌግራሙ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። እስከ አዲስ አበባ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም። ጄቱ በሰዓት ስምንት መቶ ሃምሳ ይሄዳል፤ መነሻና ማረፊያው ሲታከል አምስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ትገባለች፣ ስድስት ተኩል ትሳፈራለች፣ ሰባት ተኩል ድሬ ናት።

«ከአዲስ አበባ ድሬ በአንድ ሰዓት? አዋሽስ?»

«አዴር፣ አውሮፕላን እንደ ባቡርህ አዋሽ ቆሞ ምሳ አይበላም።»

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው ግን እጁን አፉ ላይ ጫነ። ዱዓሌ አልሳቀም።

«ላንቺ ወረቀት ብዬ ወንድሜን ላቆየው?»

«አቆየው። ከተሳሳትኩ ሁለተኛ ዓይኔን እንዳታይ።»

እስከ ዐስር ሶላት፣ ማለት እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ፈቀደልኝ።

ሰባት ተኩል ላይ አውሮፕላን ሜዳው ዳር ቆሜያለሁ፤ ሰማዩ ባዶ ነው። ሰባት ከአርባም ባዶ። ቴሌግራሙን አውጥቼ እንደገና ደመርኩ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የሞተር ድምፅ ተሰማ። አሥራ አምስት ደቂቃውን ለነፋሱ ተውኩለት።

ቱሪያ ፊቴን እንዳየች ገባት። እቤት ስንደርስ የአባቷን ፊት ገለጡላትና አጠገቡ ብዙ ተቀመጠች። ስትወጣ እጄን ያዘችኝ።

«መቼ ነው?»

«ሊነጋ ሲል፣ አስራ አንድ ተኩል ላይ።»

የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ገና የቦምቤይን ይቆጥራል። ማስላቱ አቃታት።

«ያኔ ተነስቼ ነበር? ወደሱ መምጣት ጀምሬ ነበር?»

አልተነሳችም። ግማሽ ሰዓት ይቀራት ነበር፤ ይህን ለማወቅ ወረቀት አላስፈለገኝም።

«እንዴታ!» አልኳት። «ግማሽ ሰዓት በርረሽ ነበር።»

ዱዓሌ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«አዎ ልጄ» አላት፤ «ባሕሩ ላይ ነበርሽ።»