ሳህኑን ማን ጨረሰው?

መምህርቷ ውጭ አገር ልጇ ዘንድ ከመጣች ጀምሮ መንገዱ ጥግ ላይ እንዳለው ዳቦ ቤት ቀልቧን የሳበው ነገር አልነበረም። ጠዋት እግሯን ለማፍታታት ስትወጣ ሁልጊዜ በመስተዋቱ በኩል ዓይኗን ጣል አድርጋ ታልፋለች። ዳቦ ቤት ነው እንዳትል፣ ሰዎች ወንበር ስበው ተቀምጠው ይበላሉ። ምግብ ቤት ነው እንዳትል፣ ዱቄት የነካው ሽርጥ የታጠቀ ሰው ከጓዳ ብቅ እያለ ትኩስ ዳቦ መደርደሪያው ላይ ይደረድራል። ከሁሉ የገረማት ግን ሰዓቱ ነው። እሑድ እሑድ፣ የቁርስ ሰዓት አልፎ የምሳው ሳይደርስ፣ ያ ሁሉ ሰው ቤቱን ጢም አድርጎ ሞልቶ እንቁላል በዳቦ ሲበላ ታያለች። ዕድሜዋን ሙሉ ባዮሎጂ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት፤ ያልገባትን ነገር አይታ ዝም ብላ ማለፍ አይሆንላትም።

«ይሄ ምን የሚሉት ምግብ ነው?» አለቻት ልጇን አንድ ቀን።

«ብራንች ነዋ።»

«ስሙንማ ሰምቻለሁ። ቁርስ ነው ወይስ ምሳ?»

«ሁለቱንም ነው እማዬ። አርፍደው ይነሡና በአንድ ይገላገሉታል።»

«ታዲያ የተረፋቸውን ሰዓት ምን ያደርጉበታል?»

«ኧረ እማዬ፣ ደግሞ ፈተና ልታወጪልኝ ነው?»

ልጇ ፋርማሲስት ናት። ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የእናቷን ፊት ሳይሆን ድስቱን ነው። ክዳኑን ታነሣለች፤ ጠዋት ትታው የሄደችውን ወጥ እንዳለ ታገኘዋለች። መምህርቷ አልራበኝም ትላለች፣ ቁርስ አርፍጄ ነው የበላሁት ትላለች። እውነቱ ሌላ ነው። ምግቡን ታሞቀዋለች፣ ሳህን ላይ ታወጣዋለች፣ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ከዚያ ፊት ለፊቷ ያለውን ባዶ ወንበር ታየውና እጇ አልነሣም ይላታል። ትንሽ ቆይታ ወጡን ወደ ድስቱ ትመልሳለች፤ ሳህኑን ታጥባ ታስቀምጣለች። ባለቤቷ ካረፉ ወዲህ እንዲህ ሆናለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አሁን ወደ አገሯ፣ ወደ ገዛ ቤቷ መመለስ ትፈልጋለች። ልጇ ደግሞ አሻፈረኝ ብላለች።

«እዚህ እኔ ዓይኔን አፍጥጬብሽ ካልበላሽ፣ እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ማን ሊያበላሽ ነው? እየደወልኩ ‹በላሽ ወይ› ስልሽ ልኖር?»

«ሕፃን አደረግሽኝ እኮ!»

«ሕፃንማ ብትሆኚ አዝዬ አበላሽ ነበር። በይ እንዋዋል። አንድ ሳህን ምግብ፣ ያለ እኔ፣ ያለ ጎትጓች፣ ጥርግ አድርገሽ ብዪና አሳዪኝ። የዚያኑ ዕለት ትኬትሽን እቆርጣለሁ።»

እየሳቀች ነው ያለችው፤ ሁለቱም ግን ቀልድ አለመሆኑን አውቀዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ልጇ ጫማዋን እያሰረች «ተነሺ፣ ያንን ያፈጠጥሽበትን ቤት ገብተሽ እይው» አለቻትና ይዛት ወጣች።

በሩ ሲከፈት የቅቤና የተጠበሰ ዳቦ ሽታ ፊቷን መታው። የምግቡ ዝርዝር ግድግዳው ላይ ባለ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፏል፤ መምህርቷ ቆም ብላ የጸሐፊውን የእጅ ጽሑፍ መረመረች። መጥፎ አይደለም፣ ግን መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል። የቡና ማሽኑ ያፏጫል፣ ሹካና ሳህን ይንቃጨላል፣ ሰዉ ሁሉ ዝግ ባለ ድምፅ ያወራል። ትንንሾቹ ጠረጴዛዎች ተይዘዋል። አስተናጋጇ መሐል ላይ ወዳለው ረጅም ጠረጴዛ መራቻቸው።

«ይሄ የማነው?» አለች መምህርቷ ዝግ ብላ።

«የማንም ነው። የማይተዋወቅ ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል።»

«አብረው ነው የሚበሉት ማለት ነው?»

«የለም። አብረው ተቀምጠው ለየብቻቸው ነው የሚበሉት።»

ይህ ለመምህርቷ ከሰዓቱም የባሰ እንቆቅልሽ ሆነባት። ዙሪያዋን ቃኘች። ከወዲያ ጫፍ አንዲት ሴት ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ታኝካለች። ፊት ለፊት፣ ቤት ውስጥ ኮፍያውን ያላወለቀ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ጋዜጣ ያነባል። ከፊቱ አንድ ብርጭቆ ውሃና ባዶ ትንሽ ሳህን ብቻ አለ፤ ያዘዘው ገና አልመጣም። መምህርቷ በልቧ «ባለ ኮፍያው» አለችው።

ለሁለቱም ያዘዘችው ልጇ ናት። የእሷ ሳህን ቀድሞ ሲቀርብ መምህርቷ መነጽሯን አደረገች። ሁለት ቁራጭ የተጠበሰ ዳቦ፣ በላዩ የተፈጨ አቮካዶ፣ በአቮካዶው ላይ ሁለት ነጫጭ ድቡልቡል ነገሮች፣ በእነሱ ላይ ደግሞ ቢጫ ወፍራም ሶስ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«እንቁላል። ያለ ቅርፊቱ ውሃ ውስጥ ሰብረው ነው የሚቀቅሉት።»

«ውሃው ውስጥ ሳይበተን? እንዴት አድርገው?»

ልጇ መልስ ልትሰጣት አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። ስትሰማ ቆየችና ብድግ አለች።

«የመድኃኒቱ ማቀዝቀዣ እየጮኸ ነው አሉ፤ ቁልፉ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ቅርብ ነው፣ ብቅ ብዬ እመጣለሁ።» ካፖርቷን እየለበሰች ሳህኑን አየች፤ ከዚያ እናቷን አየች። «እንዲያውም ጥሩ አጋጣሚ ነው። ውላችንን አትርሺ። ስመለስ ይሄ ሳህን ባዶ ሆኖ ላግኘው።»

«ሂጂ፣ ሂጂ። ፈታኝ!»

በሩ ተዘጋ። መምህርቷ ቢላዋና ሹካዋን አነሣች። ምግቡን በደንብ አየችው፣ አሸተተችው፤ ሊበላ የሚገባው ምግብ ነው። ልጇ የለቀቀችውን ወንበር ላለማየት አንገቷን ወደ ፊት ብታቀና ባለ ኮፍያው ተገተረባት። ሰውየው ጋዜጣውን አጥፎ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ጓዳው በር ያያል። ርቦታል፤ ያስታውቃል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ባሰ። ብቻዋን መብላቱ ሲገርማት፣ ሰው ባዶ ሳህን ይዞ ፊቷ ተቀምጦ እሷ ልትጎርስ ነው። በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። የአገሩን ቋንቋ ስታነበው ይገባታል፣ ሲናገሩት ግን ይሮጥባታል። የምታውቃትን ያህል ቃል አጠራቅማ፣ በእጇም ወደ ሳህኑ እያመለከተች «እባክዎ፣ አብረን እንብላ» አለችው።

የሚሆነውን ከአሁኑ ታውቀዋለች። ሰውየው ደንገጥ ይላል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይብሉ፣ ይብሉ» ይላታል። እሷ በሞቴ ትላለች። እሱ ጠግቤያለሁ ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተግደረደሩ በኋላ ወጉ ይደርሳል፣ እሷም ቀለል ብሏት ትበላለች።

ባለ ኮፍያው ግን ሳህኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ፊቱ በፈገግታ ፈካና «በጣም አመሰግናለሁ!» ብሎ ትንሿን ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ አደረጋት።

መምህርቷ ክው አለች። ሰው በአንድ ግብዣ እንዴት እሺ ይላል? አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ሳይል! ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣባት፤ ዋጠችው። የተናገረችውን መብላት አይቻልም። ቢላዋዋን አንሥታ አንዱን ዳቦ ከነእንቁላሉ አነሣችና ሳህኑ ላይ አስቀመጠችለት። ቢጫው ሶስ ወደ እሷ አድልቶ ስላየችው በማንኪያ ጨመረችለት።

ሰውየው ሹካውን ይዞ ጠበቃት። እሷ ሳትጀምር አይጀምርም። መምህርቷ ለአፍታ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። እንዲህ ሹካ ይዞ የሚጠብቃት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ከዚያ እንቁላሉን ወጋችው።

አስኳሉ ፈሰሰ። ነጩ ጠንክሯል፣ አስኳሉ ግን ወርቅ መስሎ አቮካዶውን አልብሶ ወደ ዳቦው ገባ። እዚህ ላይ መምህርቷ ሌላውን ሁሉ ረሳችው። ነጩ ከአስኳሉ ቀድሞ እንደሚረጋ ስንት ዓመት አስተምራለች፤ እንዲህ ሆኖ ዳቦ ላይ ሲቀርብ ግን አይታ አታውቅም። ጎረሰች። ሶሱ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ዳቦው ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ መሐሉ ለስላሳ ነው። ደግማ ጎረሰች። በምልክትና በስብርባሪ ቃል እንቁላሉ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደማይበተን ባለ ኮፍያውን ጠየቀችው። እሱም የማይታይ ድስት ውስጥ የማይታይ ማንኪያ እያዞረ፣ እዚያ ሽክርክሪት መሐል እንቁላሉን ጣል ሲያደርግ አሳያት። ሽክርክሪቱ ነው የሚሰበስበው! እንዴት እስከ ዛሬ አላሰበችውም?

ሳህኗን ጎንበስ ብላ ስታየው የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረባትም።

በዚህ መሐል የሰውየው ትእዛዝ መጣ። አንዱ በአንዱ ላይ የተከመረ ወፍራም ፓንኬክ፣ በላዩ የሚቀልጥ ቅቤ፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀያይ ፍሬ። ባለ ኮፍያው ወዲያው ከመሐል ቆረጠና ሳህኑን ወደ እሷ ገፋላት።

«የለም፣ የለም፣ ጠግቤያለሁ» አለች መምህርቷ፣ እንደ ወጉ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ሳህኑን ወደ ራሱ መለሰው።

መለሰው! መምህርቷ እጇ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ሦስተኛው ላይ እሺ ልትል አስባ ነበር እኮ። የጣፈጠ ነገር ከቅቤ ጋር፣ ያውም ለቁርስ፣ ምን ምን እንደሚል ሳታውቅ ልትወጣ ነው? ይሉኝታና ጉጉት ለትንሽ ጊዜ ተያዩ። ጉጉት አሸነፈ። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ሹካዋን አነሣች፣ «ይቅርታ... ትንሽ» አለች።

ሰውየው ከልቡ ሳቀና ሳህኑን አስጠጋላት። ልጇ በሩን ከፍታ የገባችው በዚህ ሰዓት ነው።

«እማዬ! የሰው ሳህን ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጠይቄ ነው» አለች መምህርቷ፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ።

«ጠይቀሽ?» ልጇ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ የእናቷን ባዶ ሳህን አየች። ፊቷ በራ። «ጥርግ አድርገሽ በላሽው! ብቻሽን!»

መምህርቷ ጉርሻዋን ዋጠች። ዝም ብትል ጉዳዩ አለቀ። ትኬቱ ተቆረጠ፣ ቤቷ ገባች። ባለ ኮፍያው እንደሆነ አማርኛ አይሰማ።

«ግማሹን የበላው እሱ ነው» አለች።

«ማን?»

«እሱ፣ ባለ ኮፍያው። እንብላ ስለው እሺ አለኝ።»

ልጇ አፏን በእጇ ያዘች። «ወይ ጉድ! እሱም እሺ አለ? አንቺ ደግሞ ለማታውቂው ሰው... እማዬ፣ ውላችን እኮ ብቻሽን ነው!»

«ብቻዬን አልችልበትም» አለች መምህርቷ። ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። «ሞክሬዋለሁ። አንቺ ቤትም ሞክሬዋለሁ፣ እዚህም ሞከርኩት። እጄ አይነሣልኝም። ብሄድም እዚያ ብቻዬን አልበላም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ልትበዪ? ማን አለሽ እዚያ?»

«ይሄን ሰውዬ ዛሬ ጠዋት አውቀው ነበር?»

ልጇ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። አስተናጋጇ ምድጃው አጠገብ እንዲሞቅ ያቆየችላትን ምግብ አምጥታ አስቀመጠችላት። ልጇ ሹካዋን አንሥታ ምግቡን ወዲያና ወዲህ ታመላልሰው ጀመር። መምህርቷ አየቻት። በዚህ ጉጉቷ ስንት ነገር ስትመረምር ከርማ፣ አንድ ነገር ግን አጠገቧ ሆኖ አልፏት ነበር፦ ልጇ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ስትበላ አይታት አታውቅም። ከድስቱ ላይ ቆማ ትቀምሳለች፣ ዳቦ ይዛ ትወጣለች።

«አንቺስ፣ እኔ ሳልመጣ ከማን ጋር ነበር የምትበዪው?»

«እኔማ... ሥራ ይይዘኛል።»

«እኔ ስሄድስ?»

ልጇ ሹካዋን አስቀመጠች። «በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ይሁን?» አለች ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ። «ትኬቱን ማለቴ ነው። እስከዚያ ትንሽ...»

«ይሁን» አለች መምህርቷ ቶሎ ብላ። «እስቲ ይሄን ሰውዬ ጠይቂልኝ። እዚህ የሚመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነው?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ጠይቂልኝ አልኩሽ እኮ! እኔ ስሄድ አንቺም ብቻሽን እንዳትበዪ።»

ልጇ እየተሽኮረመመች ወደ ባለ ኮፍያው ዞራ ጠየቀችው። መልሱ ረዘም ያለ ነበር፤ በእጁ የዳቦ ቤቱን ጓዳ፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ የራሱን ጉልበት እያመለከተ አወራ። ልጇ ሳቀች። ልትተረጉም ወደ እናቷ መለስ አለችና፣ የሆነ ነገር ትዝ ብሏት ተመልሳ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችው። እሱም ወንበሩን ትንሽ አስጠጋ።

መምህርቷ ምን እንደተባባሉ ማወቅ አማራት። ግን ከፓንኬኩ ሌላ ቁራጭ ወሰደች፣ ቀዩን ፍሬ በሹካዋ ገልብጣ ዘሩ በየት በኩል እንደሆነ ታይ ጀመር።