አገዳ የለበሰ መሬት

ሴትየዋ መሬቷን ማረስ ካቆመች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በቆሎውን ከሰበሰበች በኋላ አገዳውን መሬቱ ላይ እንዳለ ትተወዋለች፤ ዝናብ ሲጥል በአገዳው መሀል አፈሩን በሹል እንጨት እየበሳች ዘሩን ትጨምራለች። በቃ። ጎረቤቶቿ መሬቷን ብርድ ልብስ አልብሳ አስተኛችው እያሉ ተሳለቁባት። ለሳቁ እንኳ ግድ አልነበራትም። የከበዳት ሌላ ነው።

ድሮ በእርሻ ሰሞን ታላቅ ወንድሟ በትራክተሩ ይመጣ ነበር። ሲያርስ ያረፍዳል፣ እሷ ምሳ ይዛ ትወጣለች፣ ከዚያ የጎማው ጥላ ሥር ተቀምጠው ያላሙት ሰው አይቀርም። ማረስ ስታቆም እሱም መምጣቱን ተወ። አልተጣሉም። ሥራው ቀረ፣ እሱም ቀረ። ቤቷ ውስጥ ከሬዲዮው በቀር የሚያወራ ጠፋ፤ አንዳንዴ ለዜና አንባቢው መልስ ስትሰጥ ትቆይና በራሷ ታፍራለች።

አፈሩ ግን እየተለወጠ ነበር። ዘንድሮ አገዳውን ገለጥ ብታደርግ ከሥሩ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ትል የበሳሳው ሆኖ አገኘችው። ና እይልኝ የምትለው ሰው ስላልነበራት መልሳ ሸፈነችው።

ጥርሷን ልትነቀል ከተማ አድራ ስትመለስ መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ተገልብጧል። ወንድሟ ትራክተሩ ላይ ሆኖ ይስቃል። ለካ ሰዉ «ማረስ ያቆመችው አቅም አንሷት ነው፣ ያውም ወንድም እያላት» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቶት ከርሟል።

«አይዞሽ እታለም፣ ጨርሼልሻለሁ» አላት።

ያበጠ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ቆመች። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ምሳ ብታቀርብለት በየዓመቱ ይመጣል። ይህን አሳምራ ታውቃለች። እግሯ ሥር ትሎቹ ፀሐይ ላይ ይንፈራገጣሉ።

«ወንድምጋሼ፣ የሦስት ዓመት ልፋቴን ነው የገለበጥከው። ሁለተኛ ትራክተርህ እዚህ እንዳይገባ።»

አገዳው የአፈሩን እርጥበት እንዴት እንደሚያቆይ አስረዳችው። ተቆጥቶ ቢሆን ይቀላት ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ የመሪውን አቧራ በመዳፉ ሲጠርግ ቆየ።

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ልምጣ?»

«ዝም ብለህ ና።»

በዕድሜው ዝም ብሎ የትም ሄዶ አያውቅም። ሞተሩን አስነሳ።

ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀችና ከአፈሩ ውስጥ የተሰባበረውን አገዳ እየመዘዘች ማንጠፍ ጀመረች።