የብርሃን ሽምግልና

ድንቅቱ ፍራሹን ጠቅልላ በጉልበቷ ተጫነችውና እጇን ወደ ባሏ ዘረጋች። «ያንን ላስቲክ አቀብለኝ፤ ገመዱ አልቋል።»

ጉርሙ ላስቲኩን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሳ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ተቀዶ የወጣ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ጥቁር ላስቲክ ነው። በጠመኔ የተነጠቡበት ነጥቦች እስካሁን አልጠፉም። አላቀበላትም፤ አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ለሽምግልና ላስቲክ ይዘህ ልትሄድ ነው?» ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። ነገ በማለዳ የጭነት መኪና ዕቃቸውን ጭኖ ጉርሙ ወደተዛወረባት ሩቅ ከተማ፣ ወደ ካቺሲ ይወስዳቸዋል። ሽማግሌዎቹም ለዛሬ የቀጠሩት ለዚህ ነው፤ ሰው ተኳርፎ አገር አይለቅም ብለው።

የጠቡ መነሻ ይኸው ላስቲክ ነበር። ጉርሙ አምቦ ላይ ፊዚክስ ያስተምራል። ከሁለት ወር በፊት ተማሪዎቹ ፊት ላስቲኩን እየሳበ፣ ጽንፈ ዓለም እንዲህ እንደሚለጠጥ፣ እጅግ የራቁ ጋላክሲዎችም ከብርሃን በፈጠነ ሁኔታ ከእኛ ሊርቁ እንደሚችሉ ሲያስረዳ፣ ጠመኔ ሊዋስ የመጣው የሒሳብ መምህር ይገዙ በሩ ላይ ቆሞ ሰማው። ይገዙ የአጥር ጎረቤቱና የልብ ጓደኛው ነው። «ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም፤ ልጆቹን አታሳስት» አለው። ጉርሙ ሳቅ ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ። ይገዙ ደግሞ በክርክር መረታት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ተማሪዎቹ ሲስቁ ጊዜ ደሙ ፈላ።

«ይኼ ክፍል ነው እንጂ እቤትህ የምታካሂደው የማታ ጸሎት አይደለም፤ ያላየነውን እመኑ አትበለን!» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ።

እነጉርሙ የሚያመልኩበት ጸሎት ቤት ከታሸገ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ እየተሰበሰቡ መዝሙሩን በሹክሹክታ ይዘምራሉ። በጉርሙ ቤትም ይዘመር ነበር። ከጎረቤት ይህን የሚያውቅ ይገዙ ብቻ ነው፤ ያወቀውም ጉርሙ ስላመነው ነው። ያ ቃል ከክፍሉ በወጣ በሳምንቱ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ቤቱን ፈተሹ። ምንም አላገኙም፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የዝውውሩ ትእዛዝ መጣ።

ወሬውን ማን እንዳደረሰ ጉርሙ አያውቅም። ይገዙ ሄዶ ነግሮብኝ ይሆናል ብሎ ለአፍታም አላሰበም። አንጀቱን የቆረጠው ሌላ ነው፤ ይገዙ ከዚያን ቀን ጀምሮ አጥሩን አንዴም አልተሻገረም። ከተማው ደግሞ ነገሩን ሳያውቅ፣ «ሁለቱ መምህራን በብርሃን ተጣሉ» እያለ ሲስቅ ከረመ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በኦቦ ዲንሳ ግቢ፣ ከዋንዛው ሥር ነበር። ኦቦ ዲንሳ የሠፈሩን ጠብ ሲያበርዱ ያረጁ ገበሬ ናቸው። አጠገባቸው አቶ አመለሸጋ አሉ፤ ሽማግሌም ናቸው፣ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አባልም ናቸው። ይገዙ ነጠላውን እንዳጣፋ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጧል። ከስቷል። ጉርሙ ሊጠላው ተዘጋጅቶ መጥቶ ነበር፤ ጉንጩ ጎድጉዶ ሲያየው ግን አዘነለት።

«እሺ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ማል ታኤ? ምን አደረገህ?» አሉት ኦቦ ዲንሳ።

ጉርሙ አቶ አመለሸጋን ሰረቅ አድርጎ አየ። ይገዙ ያደረገውማ ይታወቃል። ግን ያን ቃል እዚህ ቢደግመው፣ በአቶ አመለሸጋ ፊት ጸሎቱን በገዛ አፉ ማመኑ ነው። ከዚያ እነማን ነበሩ ይባላል፤ ከዚያ ደግሞ ነገ መኪና ላይ የማይሳፈሩት፣ እዚሁ የሚቀሩት ሰዎች አሉ።

«የተጣላነው በብርሃን ነው» አለ።

«ዋቀዮ!» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «በድንበር የተጣላ አስታርቄያለሁ፤ በከብት የተጣላ አስታርቄያለሁ። በብርሃን የተጣላ ዛሬ ገና አየሁ። ብርሃኑ የማን ነው?»

አቶ አመለሸጋ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። «ሌላስ? ሌላ የተነጋገራችሁት ነገር የለም?»

«የለም» አለ ጉርሙ።

ይገዙ የጨበጠውን ቆሎ መሐላቸው ወደተቀመጠው ሳህን መለሰው። «አለ እንጂ» አለ። «እኔ ያን ቀን የተናገርኩት…»

ጉርሙ ዘሎ ተነሳ። ላስቲኩን ከኪሱ አወጣና አንዱን ጫፍ ይገዙ እጅ ላይ አስቀመጠው። «ያለው ይኸውልህ። ያዝ!»

ከዋንዛው ግንድ ላይ አንዲት ጉንዳን አንስቶ ላስቲኩ ላይ፣ ከይገዙ ጣት አጠገብ ለቀቃት። ሌላውን ጫፍ ይዞ ወደ ኋላ ያፈገፍግ ጀመር። በጠመኔ የተነጠቡት ነጥቦች ከቦታቸው ሳይነሱ ተራራቁ።

«ተመልከት፤ ጉንዳኗ ብርሃን ናት በል» አለ። «እሷ አረማመዷን አልለወጠችም። አጠገቧ ተሽቀዳድሞ የሚያልፋት የለም። በዚህ አንተ ልክ ነህ። ግን የቆመችበት ራሱ ይለጠጣል፤ መለጠጡን የሚከለክል ሕግ ደግሞ የለም። ላስቲኩ በጣም ረጅም ቢሆን፣ የወዲያኛው ጫፍ እሷ ከምትራመደው በላይ እየፈጠነ ይርቃታል።»

ይገዙ ጉንዳኗን አየ፤ ከዚያ ጓደኛውን አየ። ጀምሮ የተቋረጠበት ዓረፍተ ነገር በአቶ አመለሸጋ ፊት ምን ሊያስከትል እንደነበር ያን ጊዜ ገባው መሰል፣ ፊቱ ነጣ።

«እኔ ያን ቀን የታየችኝ ጉንዳኗ ብቻ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ላስቲኩን ማን እንደሚስበው አላሰብኩም። አርቆ አሳቢ አይደለሁም፣ ጉርሙ። ስንቴ አጥሩ ድረስ መጥቼ እንደተመለስኩ እግዜር ነው የሚያውቀው። አፈርኩ።»

ጉርሙ ሁለት ወር ሙሉ የጠበቀው ይህንኑ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አሉ ኦቦ ዲንሳ፤ ዓይናቸው ከጉንዳኗ አልተነቀለም። «ታዲያ ይቺ ምስኪን አትደርስም ማለት ነው?»

«ከኋላዋ ያለውም አብሮ ይለጠጣል፣ ኦቦ። የሄደችው መንገድ አይጠፋባትም። ሳቢው ፍጥነት እየጨመረ ካልሄደ በቀር ትደርሳለች። ትዘገያለች እንጂ ትደርሳለች።»

አቶ አመለሸጋ ተነስተው ሱሪያቸውን አራገፉ። ለረጅም ጊዜ ጉርሙን ተመለከቱት። «እኔ የሰማሁት የብርሃን ክርክር ብቻ ነው» አሉ። «ኦቦ ዲንሳ፣ እርስዎስ?»

«ኤዬ፣ የብርሃን ብቻ ነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ። አቶ አመለሸጋ ባርኔጣቸውን ደፍተው በበሩ ወጡ።

«በሉ ተሳሳሙ» አሉ ሽማግሌው።

ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ላስቲኩ በመካከላቸው እንደተወጠረ ነው፤ አንዱ ቢለቀው ሌላውን ይገርፈዋል።

«ወደ ካቺሲ መኪና የሚወጣው በየስንት ቀኑ ነው?» አለ ይገዙ።

«በገበያ ቀን ብቻ። ዝናብ ከጣለ እሱም የለም።»

«በእግርስ?»

ጉርሙ በአገጩ ወደ ጉንዳኗ ጠቆመው። ጉንዳኗ መሐል ያለው የጠመኔ ነጥብ ላይ ቆመች፤ ወዲያና ወዲህ አለች። ከዚያ ወደ ጉርሙ ጣቶች ጉዞዋን ቀጠለች።