ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ካድሬው ጓድ ግዛቸው የውጩን በር ቆለፈና ቁልፉን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «እስኪሠራ ድረስ አንተም እኔም አንወጣም» አለኝ። እኔኮ ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ! ኮምፒውተር በዓይኔ ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፣ በሰማንያ አንድ፣ እዚሁ ዲላ። ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ይዞት መጣ፤ ሰው እንዳያይበት ብሎ መስኮቶቹን በሚስማር መትቷቸዋል። ቤቱ ምድጃ ነው በቃ።

ኮምፒውተሩ ደግሞ ለብሷል። ሚስቱ እትዬ ወርቂቱ ቴሌቪዥን መስሏት ለስክሪኑም ለሳጥኑም ዳንቴል ሠርታለታለች፣ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ሮዝ፣ እስከ ጠረጴዛው የሚወርድ።

«ምን ይሆናል?» አልኩ።

«ሩብ ሰዓት ይሠራል፤ ከዚያ ፊደሉ ይደበላለቅና ድርቅ ይላል። ስምንት ሰዓት ላይ ዝርዝሩን አዋሳ የሚያደርስ መኪና ይመጣል።»

የሳጥኑን ጀርባ ስነካው ጣቴን ለበለበኝ። አየር መውጫው ላይ ነው ዳንቴሉ የተጣለው። ከፈትኩት፣ ማራገቢያዋ ክርና አቧራ ጠቅጥቋት አትዞርም።

«ጓድ፣ ታፍኖ ነው» አልኩ።

«እኔ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ!» አለች እትዬ ወርቂቱ።

«ለኔ አንድ ሹራብ ሠርተሽልኝ አታውቂም፣ ለዚህ ሙሉ ልብስ!» አላት። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ማራገቢያዋን በብሩሽ ጠርጌ ገጠምኩና አበራሁት። ሠራ! ደስ ሲለኝ አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን አየሁ። ስሞች ናቸው፣ በእንግሊዝ ፊደል። ሰባ ስምንተኛው ላይ ዓይኔ ቀረ። ኸድሩ ነስሩ። ታናሽ ወንድሜ።

የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ነው። እኔን እስካሁን ያተረፈኝ የካድሬዎቹን ራዲዮ መጠገኔ ነው። ኸድሩ ግን ማን አለው? ጠዋት ዱመርሶ ቡና ሊጭን ሄዷል፤ ማታ መጥቶ ይተኛል፣ ከአልጋው ያነሱታል። አሁን ብወጣ በአንድ ሹፌር መልእክት እልክለት ነበር። ቁልፉ ግን ጓድ ግዛቸው ኪስ ውስጥ ነው።

«በል ይታተም» አለ ጓድ ግዛቸው።

ከኮምፒውተሩ ጎን ያለው ማተሚያ መጮህ ጀመረ። ያኔ ነው ዳንቴሉን አንስቼ መልሼ ያለበስኩት። «ሲያትም ነው አቧራ የሚስበው» አልኩ። አመነኝ። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ቁጥር እቆጥራለሁ። ሃምሳ። ስልሳ። ስልሳ ስድስት ላይ ፊደሉ ተደበላለቀና ድርቅ አለ።

ሰዓቱን አየ። ይቆጣል ስል ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣልኝ። «ሲበርድ እናበራዋለን። ቀሪውን ከስክሪኑ ላይ በእጅህ ትገለብጣለህ።»

በጋዜጣ እያራገብን አበረድነው። አበራሁት፣ ገለበጥኩ። ከሰባ ሰባት ወደ ሰባ ዘጠኝ ዘለልኩ፤ ቁጥሩን ግን ሰባ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ጓድ ግዛቸው መጽሔት ያነባል። ጨረስኩና ቶሎ አጠፋሁት።

ወረቀቱን ተቀብሎ መጨረሻውን ቁጥር አየ።

«መቶ አሥራ አንድ? ኮታዬ መቶ አሥራ ሁለት ነው። አንድ ጎደለ።»

«እንደገና ላብራው?» አልኩ።

ውጪ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ።

«ጊዜ የለም። ኮታ ሰው ነው የሚፈልገው፣ ማንም ይሁን። ያንተ ሙሉ ስም ማነው?»

«ጓድ! እኔ ጠጋኛችሁ አይደለሁም እንዴ?»

«ግዛቸው፣ ተው እንጂ፣ ልጁ ምን አደረገ?» አለች እትዬ ወርቂቱ።

«አንቺ ዝም በይ። ጻፍ!»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። የኸድሩን ስም ብመልሰው እድናለሁ፣ ዝም ብዬ ብጽፈው ማን ያውቃል? ወረቀቱ ላይ ላቤ ጠብ አለ። የራሴን ስም፣ ፈድሉ ነስሩ ብዬ ጻፍኩ።

ቁልፉን አወጣና በሩን ከፈተው። ከጠዋት ጀምሮ የናፈቀኝ አየር ፊቴን መታኝ። በሩ ላይ ላንድሮቨር ቆሟል፣ የኋላው ተከፍቷል።

«ወረቀቱን አንተው ያዘው» አለኝ። «መሄድህ ካልቀረ ከዝርዝሩ ጋር አብራችሁ ሂዱ።»